ቤቱን በሐምሌ እዩት፤ ገጠር እያደሩ ከተማ ለመሥራት

ከሰንዳፋ ወዲህ፣ ከለገዳዲ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ የገጠር መንደር መኖር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ መገናኛ አካባቢ ነው። ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የእኔ መንደር ደግሞ ከአስፋልቱ በእግር 25 ደቂቃ ታስገባለች። የመጣሁት የከተማው ኪራይ አስመርሮኝ ነው። የቆየሁት ግን ስለወደድኩት ነው። ሰሞኑን ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ "እኛም እንምጣ?" ብለው ጠየቁኝ። ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ ቤቱን በሐምሌ እዩት። በጥር ካያችሁት የትኛውም መንገድ ደህና ይመስላል። የዚህ አገር መሬት ዋልካ ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ዝናብ ሲመጣ ያብጥና ጫማ ይዞ ያስቀራል። መሬቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ግድግዳውም አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቤቱ የድንጋይ መሠረት አለው ወይስ እንጨቱ በቀጥታ መሬት ውስጥ ነው የተተከለው ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በቀን ውስጥ ገብታችሁ በሩን ዝጉና ቆርቆሮውን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። በምስማር ቀዳዳ ብርሃን ከገባ ዝናቡም በዚያው ይገባል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለ ቦት ጫማ አይሞከርም። እኔ አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ጋር ተስማምቻለሁ። ጠዋት በሃይላንድ በያዝኩት ውሃ እግሬን እለቃለቅና ቦቱን እዚያ ትቼ የቢሮ ጫማዬን አደርጋለሁ። ማታ ስመለስ እቀይራለሁ። ባለቤቷ ገንዘብ አልቀበልም ስላለችኝ ቁርሴን እሷ ጋ እበላለሁ።

አሁን ወደ ትራንስፖርቱ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው በዚህ ነው። መንደራችሁ ከሰንዳፋ ወዲህ፣ ወደ ከተማው ከሆነ፣ ጠዋት የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቶ ያልፋችኋል። እኔ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ አስፋልት ዳር ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ ነበር። መፍትሔው ወደ ኋላ ሄዶ መሳፈር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሰንዳፋ የሚመለስ ባዶ መኪና ይዛችሁ፣ ከመነሻው ወንበር ይዛችሁ ኑ። ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፣ አዎ። ግን 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ትገባላችሁ።

ሲመሽ ነገሩ ይለወጣል። ቀጥታ "ሰንዳፋ" የሚል መኪና ስትጠብቁ ይመሽባችኋል። እኔ እየቆራረጥኩ ነው የምሄደው፤ ከመገናኛ ካራ፣ ከካራ ለገጣፎ፣ ከዚያ ወደ ሰፈሬ። ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ማታ ሰልፉ ስለሚረዝም አንድ ሰዓት ጨምሩ። በየቀኑ ከምታገኟቸው ሹፌሮች የሁለቱን ስልክ ያዙ። ሦስት አራት ሆናችሁ በወር ሰርቪስ መያዝ ከቻላችሁ ግን ከሁሉም ይሻላል። እዚህ ከመግባታችሁ በፊት የአንድ ቀን መሳፈሪያችሁን ደምሩና በ22 የሥራ ቀን አባዙት። ከኪራዩ ያተረፋችሁትን ከበላው፣ ገንዘብ ፍለጋ ብቻ ብላችሁ አትምጡ።

ከአስፋልቱ እስከ ቤት ያለውን መንገድ በጨለማ ብቻችሁን አትግቡ። ጅብ አለ፣ የተፈታ ውሻ አለ። ሻይ ቤቷ ጋ ቁጭ ብላችሁ ወደ ሰፈር የሚገባ ሰው ጠብቁ። ባትሪ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። የስልክ መብራት አይበቃም፤ ስልኩም ብዙ ጊዜ ማታ ላይ ይዘጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምለው አንድ ነገር አለኝ። መንደሩን ማደሪያ ብቻ አታድርጉት፤ መኖሪያችሁ ይሁን። ሌሊት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ለጎረቤት ጥላ ነው። ይህንን የተማርኩት በመጀመሪያው ዓመቴ ነው። አንድ ማክሰኞ ሌሊት ጡሩምባ ተነፋ። ከሦስት ቤት በላይ ያሉ አባት ዐርፈው ነበር። እኔ ሰማሁና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ቤት ብገባም ቀብሩ አልቆ ነበር። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ። ስንወጣ አከራዬ እማማ ክንዴን ያዝ አድርገው "አንቺ ልጅ፣ ነገ የአንቺን ሬሳ ማን ይሸኘዋል?" አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሳምንቱ የእድሩ ዳኛ ቤት ሄጄ ተመዘገብኩ። እናንተ ግን እንደገባችሁ በመጀመሪያው ወር ተመዝገቡ። መዋጮውን አታሳልፉ። ከዓመት ፈቃዳችሁ ላይ አራት አምስት ቀን ለቀብር ብላችሁ አስቀምጡ፤ አለቃችሁንም አስቀድማችሁ አሳውቁ። ቀብሩ ካመለጣችሁ ለሰልስቱ ድረሱ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የታመመ ጠይቁ፣ አራስ ጠይቁ።

ሰፈሩ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። አማርኛ የሚችል ብዙ አለ፤ እሱን ብቻ ይዞ መኖር ግን ክብር አይመስለኝም። ጠዋት ለትልቅ ሰው "አካም ቡልተኒ" ማለትን ቢያንስ ልመዱ። እኔ ዛሬ ገበያ ላይ ዋጋ የምከራከረው በኦሮምኛ ነው። ሴቶቹ ሲያርሙኝ ደስ ይላቸዋል።

ከተማ እንደምትውሉ ሲታወቅ መልእክት ይበዛል። መድኃኒት፣ ደብተር፣ የስልክ ቻርጀር። አትከልክሉ፤ ግን በማስታወሻ ጻፉት፣ ብሩንም ቀድማችሁ ተቀበሉ። የመድኃኒት ከሆነ ባዶውን ካርቶን ወይም ወረቀቱን አስይዙ፤ በቃል የተነገረኝን አንድ ጊዜ አሳስቼ ስላመጣሁ ነው።

ውሃው ከቦኖ በጄሪካን ነው። ለክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን የምትይዙበት አሸንዳና ሮቶ ካላችሁ ለልብስና ለዕቃ ይበቃል። መብራት ምጣድ ላይ ሊጥ ካፈሰሳችሁ በኋላ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ከጎረቤት በእንጨት የሚጋግር ሰው ጋር ተስማሙ። እንጀራውም ይጣፍጣል። ስልካችሁን ቢሮ ሞልታችሁ ኑ። ብርዱን ደግሞ አትናቁት፤ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ጋቢ ሳትይዙ አትምጡ።

መንገድ የሚዘጋበት ወይም መኪና የሚጠፋበት ማታ አይቀርም። ከተማ ውስጥ ሳትሳቀቁ የምታድሩበት የአንድ ዘመድ ወይም የጓደኛ ቤት ይኑራችሁ፤ ቢሮም አንድ ቅያሪ ልብስ አስቀምጡ። የምትቀሩ ከሆነ ግን ሳይመሽ ደውሉ። የእኔዋ እማማ እኔ ሳልገባ የግቢውን በር አይቆልፉም፤ ውሻውንም አይፈቱም።