ቻርጀሩ ሌሊቱን ሙሉ እያጉረመረመ ባትሪው የማይሞላበት ምክንያት፦ የአሮጌ ጎልፍ ካር ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በመዝናኛ ስፍራዎች፣ በሆስፒታልና በፋብሪካ ግቢዎች ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱትን፣ ብዙዎቹም አሜሪካ አገልግለው የመጡትን ባለ36 እና ባለ48 ቮልት ጎልፍ ካሮች (ከዚህ በኋላ ጋሪ የምላቸውን) ነው። ባትሪያቸው ውሃ የሚጨመርበት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው፤ ቻርጀራቸውም በውስጡ ከባድ ትራንስፎርመር ያለበት፣ አንድ ሰው በቀላሉ የማያነሳው የቀድሞው ዓይነት ነው። ሶኬቱ መብራት እንዳለው፣ ፊውዙ እንዳልተቃጠለ፣ የባትሪው ውሃ ፕሌቶቹን (በውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሰሌዳዎች) እንደሸፈነ አንባቢው አስቀድሞ አይቷል ብዬ እነሳለሁ።

መፍቻ ከመያዝ በፊት ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቁ። ባትሪዎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው በሁለት ፖሎች መካከል የወደቀ መፍቻ በቅጽበት ይግላል፣ ከፖሉም ጋር ይበየዳል። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ በአቅራቢያው ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይለኮስም፤ የባትሪው ክፍል ክዳንም ተከፍቶ ይደር።

ቻርጀሩ ሲሰካ ጨርሶ ድምፅ ካላሰማ

ይህ ቻርጀር ሥራ የሚጀምረው ከግድግዳው በሚመጣው መብራት ብቻ ሳይሆን ከጋሪው ባትሪ በሚያገኘው ቮልት ጭምር ነው፤ በውስጡ ያለው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚስበው ባትሪዎቹ በቂ ቮልት ሲኖራቸው ነው። ስለዚህ ለወራት ቆሞ የከረመ ጋሪ ሲሰካ ምንም ድምፅ አይሰማም፣ ባለቤቱም ቻርጀሩን ተሸክሞ ወደ ጥገና ይሮጣል፤ ያለቀው ግን ባትሪው ነው። መፍትሄው ባትሪዎቹን አንድ በአንድ፣ ለየራሳቸው ቮልት በሚስማማ አነስተኛ ቻርጀር ለጥቂት ሰዓታት ማንቃትና ከዚያ ዋናውን ቻርጀር መሰካት ነው። በየጋራዡ እንደሚታየው የቻርጀሩን ሽፋን ከፍቶ ሪሌውን በካቻቢቴ መጫን ግን ከባድ አደጋ አለው። በውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ) ስፒናው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጥል ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ድምፅ ኖሮ የአምፒር መርፌው ዜሮ ላይ ከቆመ

ይህ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ወደ ባትሪው በሚወጣው መስመር ላይ ያለው ፊውዝ ወይም ሁለቱም ዳዮዶች (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) ሄደዋል ማለት ነው፤ መርፌው ከወትሮው ግማሽ ላይ ከጀመረ ደግሞ ከሁለቱ ዳዮዶች አንዱ ተበጥሷል።

ድምፅ አለ፣ መርፌው ይነሳል፣ ጋሪው ግን በማግስቱ መንገድ ላይ ይቆማል

ከሚቀርቡልኝ ጋሪዎች አብዛኞቹ የሚመጡት በዚህ ምልክት ነው። ምክንያቱ ሲነገራቸው ባለቤቶቹ ለማመን የሚቸገሩበትም ይኸው ነው።

አገራችን ያለው መብራት 220 ቮልትና 50 ሄርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር) ነው፤ ከአሜሪካ ከጋሪው ጋር የመጣው ቻርጀር ግን የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ ነው። የቮልቱን ልዩነት ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ከመርካቶ አንድ ማውረጃ ትራንስፎርመር ይገዛና ነገሩ ተፈታ ይባላል። ማውረጃ ትራንስፎርመር ግን ቮልት እንጂ ሄርዝ አይለውጥም፤ በ50 የገባው በ50 ይወጣል። በቻርጀሩ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ ተራ ትራንስፎርመር አይደለም። ኮሩ (ሽቦው የተጠመጠመበት ብረት) በማግኔት ኃይል እስኪጠግብ ድረስ እንዲሠራ፣ ከካፓሲተር ጋርም እንዲጣመር ሆን ተብሎ የተነደፈ በመሆኑ የግድግዳው ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል ብዙም አይነካውም፤ ሄርዝ ሲቀየር ግን የሚያወጣው ቮልት አብሮ ይወርዳል። ከ60 ወደ 50 መውረድ ማለት ከሚያወጣው ቮልት አንድ ስድስተኛውን ማጣት ማለት ነው።

ይህ በባትሪው ላይ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ማየት ይቻላል። ባለ36 ቮልት ጋሪ 18 ሴሎች (እያንዳንዳቸው ባለ2 ቮልት የሆኑ የባትሪ ክፍሎች) አሉት፤ እያንዳንዱ ሴል በቻርጅ መጨረሻ ላይ ከ2.45 እስከ 2.6 ቮልት መድረስ ይኖርበታል፤ ይህም በጠቅላላው ከ44 እስከ 47 ቮልት ገደማ ይሆናል። ከ46 ቮልት ላይ አንድ ስድስተኛው ሲቀነስ የሚቀረው 38 ነው። 38 ቮልት ደግሞ የሞላ ባትሪ ከቻርጀር ተነቅሎ ካረፈ በኋላ የሚያሳየው ቮልት ነው፤ በዚህ ቮልት የሚሞላ ባትሪ የለም። የሚያሳስተው መርፌው ነው። የባትሪው ቮልት ከቻርጀሩ ቮልት ጋር ቶሎ ስለሚቀራረብ መርፌው ከወትሮው ቀድሞ ይወርዳል፣ የሚያየውም ሰው «ሞላ» ብሎ ይሄዳል።

ቢሾፍቱ በሚገኝ አንድ የመዝናኛ ስፍራ ጋሪዎቹ ከበር እስከ ሐይቁ ዳር ደርሰው መመለስ ሲያቅታቸው ባትሪዎቹ በሙሉ በአዲስ ተለውጠው ነበር፤ አዲሶቹም ብዙ ሳይቆዩ እንደ አሮጌዎቹ ሆኑ። የጥበቃ ሠራተኛው «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ነው ያደረው፣ እንዴት አልሞላም ይላሉ?» ብሎ ተከራከረኝ። እሱ አልዋሸም፤ ቻርጀሩ ሲሠራ ነው ያደረው። ከቻርጀር በተነቀለ ባትሪ ውስጥ ሃይድሮሜትር (የአሲዱን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ) ሲገባ ግን ተንሳፋፊው ወደ ታች ሰምጦ 1.180 አካባቢ ቆመ፤ የሞላ ሴል 1.277 ገደማ ማሳየት ነበረበት። ሥራ አስኪያጁ ደጋግመው ይሉ የነበረው «ቻርጀሩ እኮ ኦሪጅናል ነው» የሚል ነበር። ችግሩም ከዚያው ነው፤ ኦሪጅናል የሆነው ለአሜሪካ መብራት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። በመጀመሪያ በቻርጀሩ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ይነበብ፤ «60 ሄርዝ» ብቻ ካለ ጥርጣሬው ተጠናክሯል። ቀጥሎ ቻርጁ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ ሳይነቀል፣ የባትሪዎቹ ጠቅላላ ቮልት በመልቲሜትር ይለካ። ባለ36 ቮልቱ ከ40 በታች፣ ባለ48 ቮልቱ ከ53 በታች ተጎትቶ ከቀረ ሌላ ምክንያት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። በጄኔሬተር ቻርጅ የሚያደርጉ ግቢዎች ደግሞ ይባስ ይጎዳሉ፤ ጄኔሬተሩ ጭነት ሲበዛበት ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሄርዙም ከ50 በታች ይወርዳል።

አንዳንድ ጠጋኞች ካፓሲተሩን በትልቅ ካፓሲተር በመተካት ችግሩን እንደፈቱ ይናገራሉ። ካፓሲተሩ የአምፒሩን ሁኔታ በመጠኑ ሊያሻሽል ይችላል፤ የቮልቱን ጣሪያ የሚወስኑት ግን ኮሩ የሚጠግብበት መጠንና ሄርዙ በመሆናቸው ባትሪው እንደ ቀድሞው ሳይሞላ ይቀራል፤ ትራንስፎርመሩም ከልክ በላይ ይሞቃል። ለዚህ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ትክክለኛው መፍትሄ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ በ50ም በ60ም ሄርዝ የሚሠራ ዘመናዊ ቻርጀር መግዛት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። በገበያው ላይ «48 ቮልት» ተብለው የሚሸጡት ብዙ ርካሽ ቻርጀሮች ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊቲየም ባትሪ የተሠሩ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ የሚያወጡት 54.6 ቮልት ነው። ይህ 24 ሴል ላለው የእርሳስ ባትሪ ሲከፋፈል ለአንድ ሴል 2.28 ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ባለቤቱ አንዱን የማይሞላ ቻርጀር ጥሎ ሌላ የማይሞላ ቻርጀር ገዛ ማለት ነው። ሻጩ «ያው ነው» ቢልም ያው አይደለም። ቻርጀሩ ላይ ለእርሳስ ባትሪ፣ ያውም ውሃ ለሚጨመርበት ዓይነት መሆኑ መጻፍ አለበት፤ አምፒሩም ከባትሪው አቅም ከ10 እስከ 13 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ 225 አምፒር ሰዓት ለሆነ ባትሪ ከ22 እስከ 29 አምፒር ማለት ነው።

ቻርጀሩ ከተለወጠ በኋላ ለወራት ሳይሞሉ የኖሩት ባትሪዎች በአንድ ሌሊት አይድኑም። ፕሌታቸው ላይ ሰልፌት ጠጥሯል። በተከታታይ ሙሉ ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ በማመጣጠኛ ቻርጅ (ሴሎቹ እኩል እንዲሆኑ ከሞሉ በኋላ በሚቀጥል ቻርጅ) ይቀጥላሉ፤ በየሰዓቱ የእያንዳንዱ ሴል አሲድ በሃይድሮሜትር እየተለካ ቁጥሩ መጨመሩን ሲያቆም ይቆማል። ባትሪው ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሞቀ ይነቀልና ይቀዝቅዝ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሴል ከሌሎቹ በ0.050 ዝቅ ብሎ ከቀረ ያ ባትሪ አብቅቷል፤ ፍል ውሃ መጨመርም ሆነ «ነፍስ ይዘራል» የሚባል ዱቄት መግዛት ትርፉ ድካም ነው።

ውሃ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ

በመጀመሪያ ማን ምን እንደሚጨምርበት ይጠየቅ። ከባትሪ ውስጥ በጋዝ መልክ የሚወጣው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም፤ ስለዚህ የሚተካው ሁልጊዜ የተጣራ ውሃ ነው። ሆኖም ሃይድሮሜትሩ ዝቅ ብሎ ሲያዩ አሲድ የሚጨምሩ አሉ። ባትሪው ሲደክም አሲዱ ወደ ፕሌቱ ገብቶ ይቀመጣል፣ ቻርጅ ሲደረግም ተመልሶ ይወጣል፤ በላዩ ላይ አዲስ አሲድ የጨመረ ሰው ፕሌቱን በጠነከረ አሲድ እያስበላ ነው። በመጠጥ ውሃ ፕላስቲክ አሲድ ቀድቶ በጥበቃ ቤት መስኮት ላይ ማስቀመጥ ደግሞ በእኔ ፊት እንዳይደረግ፤ ሰው ተጠምቶ ያነሳዋል። ውሃ የሚጨመረው ከቻርጅ በኋላ፣ ከቀዳዳው አንገት በታች 3 ሚሊሜትር ያህል እስኪደርስ ነው። ከቻርጅ በፊት ፕሌቱ ተገልጦ ከተገኘ እሱን ብቻ መሸፈን ይበቃል፤ አስቀድሞ የተሞላ ባትሪ በቻርጅ ጊዜ አብጦ አሲዱን በሻንሲው ላይ ያፈሰዋል።

መርፌው ሌሊቱን ሙሉ ሳይወርድ ቆይቶ አንዱ ባትሪ ብቻ ከሞቀና የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሰጠ አንድ ሴል ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቷል፤ ባትሪው ይለወጣል።

ቆሞ ሙሉ ቮልት እያሳየ አቀበት ላይ የሚደክም ከሆነ

የቆመ ባትሪን ቮልት ለክቶ «ደህና ነው» ማለት ዋጋ የለውም። ጋሪው ሰው ጭኖ አቀበት ሲወጣ ረዳት እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ ይለካ፤ ከጓደኞቹ ከግማሽ ቮልት በላይ የወረደው ተጠያቂ እሱ ነው። በምትኩ የሚገባው በአቅምና በዕድሜ ከቀሩት ጋር የሚቀራረብ መሆን አለበት። የጭነት መኪና ባትሪ በምትኩ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ለሦስት ባለ12 ቮልት ባትሪ የወጣው ገንዘብ ግን ቶሎ ይቀልጣል፤ የመኪና ባትሪ ፕሌት ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ስስ ፕሌት በመሆኑ በየቀኑ መራቆትን አይችልም።

ፖሉ ከሞቀ ወይም ከቀለጠ

በዚያው የአቀበት ፈተና የመልቲሜትሩ አንድ ጫፍ በፖሉ እርሳስ ላይ፣ ሌላው በገመዱ ጫፍ ላይ ይደረግ። የሚታየው ቁጥር ከዜሮ እምብዛም መራቅ የለበትም። 0.2 ቮልት ካሳየና ሞተሩ 200 አምፒር እየሳበ ከሆነ በዚያች ነጥብ ላይ ብቻ 40 ዋት ሙቀት አለ፤ እርሳስ ደግሞ በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት ነው። በገመዱ ስር ያለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የባትሪው ክዳኖች በሚገባ ተዘግተው በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ይታጠባል፤ ፖሉ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይፈገፈጋል፤ ብሎኑ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ቫዝሊን ይቀባል። ቫዝሊኑ የሚቀባው ከጠበቀ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ በፖሉና በገመዱ መሃል መቀባት የለበትም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ

አንዳንድ ቻርጀሮች መብራት ሲመለስ በራሳቸው አይነሱም፤ የጋሪው መሰኪያ ተነቅሎ እንደገና እስኪሰካ ይጠብቃሉ። ሌሊት መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የጥበቃ ሠራተኛው መብራት በተመለሰ ቁጥር መርፌውን እንዲያይ፣ ዜሮ ላይ ካገኘውም መሰኪያውን ነቅሎ እንዲመልስ ይነገረው። ሲነቅል ገመዱን ሳይሆን መሰኪያውን ይዞ ነው፤ ቻርጅ እየተደረገ ሳለ በጉተታ የሚነቀል መሰኪያ በእሳት ብልጭታ ውስጡን እያቃጠለ ከጊዜ በኋላ ጨርሶ አይገናኝም።