የእንግሊዝኛ የዕዳ አባባሎችን በቀላሉ ለመያዝ

ድሬ ላይ ዱቤ የማያውቅ ሰው የለም። ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን የሰፈር ሱቅ ሁሉ ደብተር አለው፤ ስም፣ ከስሙ ሥር ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ከጎኑ ብሩ። የእንግሊዝኛን የዕዳ አባባሎች መያዝ የምትፈልጉ ከዚሁ ደብተር ተነሱ። ትርጉም ብቻ አትሸምድዱ፣ በሳምንቱ ይጠፋል። አባባሉ የት እንደተወለደ ፈልጉ።

«ፑት ኢት ኦን ዘ ስሌት» ሲሏችሁ ነገሩ የሱቅ ነው። ስሌት ጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ነው። የእንግሊዝ ባለሱቅና መጠጥ ቤት ዱቤውን እዚያ ላይ በጠመኔ ይጽፉ ነበር፤ እኛ «ያዝልኝ» የምንለው ማለት ነው። «ኦን ቲክ»ም ያው ዱቤ ነው፣ «ቲኬት» ከሚለው ተቆርጦ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ። አሜሪካኖች ደግሞ «ኦን ዘ ከፍ» ይላሉ። ከፍ የሸሚዝ እጅጌ ጫፍ ነው፤ አሻሻጩ በስታርች የደረቀው እጅጌው ላይ ሂሳቡን ይጭር ነበር ይባላል። አደራ፣ «ኦፍ ዘ ከፍ» ሌላ ነው፤ ሳይዘጋጁ መናገር ማለት ነው፣ ከዕዳ ጋር አይገናኝም።

«ኢን ዘ ሬድ» ኪሳራ ወይም ዕዳ ውስጥ መሆን ነው፤ የመጣው ከሂሳብ መዝገብ ነው። ኪሳራ በቀይ፣ ትርፍ በጥቁር ቀለም ይጻፍ ስለነበር።

የውሃዎቹ ለእኛ ቀላል ናቸው፤ እኛም «በዕዳ ተዘፍቋል» እንል የለ? «አፕ ቱ ማይ ኢርስ» ዕዳው ጆሮዬ ደርሷል ነው። «አንደርዎተር» ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዕዳ ያለበት ሁሉ አንደርዎተር አይባልም። በባንክ ብድር ቤት ገዝቶ፣ የቤቱ ዋጋ ከቀረው ብድር በታች ሲወርድበት ነው። በ2008ቱ የአሜሪካ የቤት ብድር ቀውስ ጊዜ ቃሉ በየዜናው ነበር።

«ሮብ ፒተር ቱ ፔይ ፖል» ከአንዱ ተበድሮ የሌላውን መክፈል ነው። ጴጥሮስን ዘርፎ ለጳውሎስ። ኢንተርኔት ላይ የዌስትሚንስተር የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ንብረት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለለንደኑ ቅዱስ ጳውሎስ ተወስዶ ነው የተባለው የሚል ታሪክ ታገኛላችሁ። ደስ ይላል፣ ግን አባባሉ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ ታዲያ እንዴት ሆኖ ከዚያ ይመጣል? አቦ፣ ታሪክ ስላማረ ብቻ አትመኑ፣ መጀመሪያ ዓመቱን አመሳክሩ።

«ኢን ሆክ» ዕቃ አስይዞ የተበደረ ሰው ነው። ሆክ ከደች ቋንቋ የመጣ ሲሆን እዚያ በረት፣ እስር ቤትም ማለት ነው።

አጠቃቀሙ ላይ፣ «ኢን ዘ ሬድ» ለቢሮ ሪፖርትም ይሆናል። «ኦን ቲክ»ና «ኢን ሆክ» የወሬ ናቸው፣ ለባንክ በምትጽፉት ደብዳቤ አታስገቧቸው። እዚያ «ኢን ዴት» (ዕዳ ያለበት) ይበቃል።