ችግሩ ወፍጮ ቤት ነበር

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ገብስ አልበላም ማለት ከባድ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ይብሳል። ትልቁ ልጄ ግሉተን በሚባለው የእህል ፕሮቲን ምክንያት ስንዴና ገብስ ተከልክሏል፤ ትንሿ ወተትና ለውዝ አይስማሟትም። የወተቱስ ቀላል ነው፣ ጾም ሲገባማ ጭራሽ እገላገላለሁ።

ያስቸገረኝ ልጁ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ንጹህ የጤፍ እንጀራ እየጋገርኩ አበላዋለሁ፣ ሆዱ ግን መነፋቱን አልተወም። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ገብሷን አስፈጭታ ወጣች፣ ወዲያው የእኔ ጤፍ ገባ። መጀመሪያ የወረደውን ዱቄት በጣቴ ሳሸው ሻካራ ነው፣ የገብስ ገለባ አለበት። ለካ!

አሁን ራቅ ቢልም ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለበት ቤት እሄዳለሁ። መጀመሪያ የሚወርደውን ዱቄት ለብቻው ይዤ ለእኔና ለባለቤቴ አደርገዋለሁ። እርሾ ከጎረቤት መዋስ ቀረ፣ ቡሃቃውንም ለየሁት። ሽሮም ግብጦ እንዳይቀላቀልበት ራሴ አዘጋጃለሁ፤ ግብጦ የለውዝ ዘመድ ስለሆነ ትንሿ ላይ እንዳይነሳባት።

አማቴ ግን «በሶ ያልጠጣ ልጅ ምን ጉልበት አለው?» ማለታቸውን አልተዉም። የልጁ ሆድ ከሦስት ሳምንት በኋላ ረግቷል።