በክላንግ አናላይዘር ውስጥ አላስፈላጊ የዓይነት ፍተሻን እንዴት ማስወገድ ይቻላል?

ክላንግ የሲ እና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ነው። አብሮት ያለው ስታቲክ አናላይዘር ፕሮግራሙን ሳያስኬድ ኮዱን ብቻ እያነበበ ስህተት ይፈልጋል፤ ለምሳሌ የተወሰደ ሜሞሪ ሳይመለስ ሲቀር ይናገራል። ሥራውን የሚሠሩት ቼከር የሚባሉ ክፍሎች ናቸው።

መጀመሪያ የቼከሩን መግቢያ ያንብቡ። ቼከሩ የሚጠራው የፈንክሽን ጥሪ ሲገኝ ብቻ ከሆነ፣ የሚቀበለው ነገር ዓይነት እዚያው ተጽፏል። ከውስጥ ደግሞ «ኢዛ» በሚባለው ፍተሻ «ይህ የፈንክሽን ጥሪ ነው?» ተብሎ ከተጠየቀ፣ በስሙ ተጠርቶ የገባን እንግዳ «ማን ነህ?» እንደማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍተሻ ማውጣት ፍጥነት አይጨምርም፤ መልሱ ኮዱ ሲገነባ አስቀድሞ ይታወቃልና። ጉዳቱ በአንባቢው ላይ ነው። ሌላ ዓይነት ሊመጣ ይችላል ብሎ ያምናል፣ ፈጽሞ የማይደረስበትን «ካልሆነ» የሚል ቅርንጫፍም ሲመረምር ጊዜውን ያጠፋል። ስለዚህ ቅርንጫፉንም አብረው ያውጡ።

«ኢዛ» ጠይቆ ወዲያው «ካስት» የሚያደርግ፣ ማለትም ነገሩን እንደዚያ ዓይነት አድርጎ የሚወስድ ኮድ ካገኙ፣ ሁለቱን በአንድ «ዳይን ካስት» ይተኩ፤ እርሱ ጠይቆ ይወስዳል፣ ዓይነቱ ካልሆነም ባዶ ይመልሳል።

ከመቁረጥዎ በፊት ግን ፍተሻው ሌላ ሥራ እንደሌለው ያረጋግጡ። ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ቼከሩ ከአንድ ጥሪ ላይ የተጠራውን ፈንክሽን መግለጫ ሲጠይቅ መልሱ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጥሪው በፈንክሽን ፖይንተር (የፈንክሽን አድራሻ በሚይዝ ተለዋዋጭ) ከሆነ አናላይዘሩ ማን እንደተጠራ ላያውቅ ይችላል። እዚያ ያለው «ዳይን ካስት ኦር ነል» ዓይነት ብቻ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ባዶ መልስ ሲመጣ ችግር እንዳይፈጥር የሚከላከለው ግን እርሱ ነው። ቢነሳ ስህተት ፈላጊው ራሱ ይወድቃል። ፍተሻው ለምን እንደገባ በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ) ታሪኩ ውስጥ ይፈልጉ፤ የድሮ ብልሽት ማስተካከያ ሆኖ ቢገኝ አይደነቁ።

አሁን አሰርሽን (ፕሮግራሙ ሲሄድ ግምቶቹን የሚፈትሽና ሲሳሳቱ የሚያስቆመው ማረጋገጫ) በርቶ ክላንግን ይገንቡ፤ ካልበራ የተሳሳተ «ካስት» ድምፅ ሳያሰማ ሊያልፍ ይችላል። ቀጥሎ ኒንጃ በተባለው የግንባታ መሣሪያ የአናላይዘሩን ፈተናዎች ያስኬዱ። ፈንክሽን ፖይንተር ተቀብሎ ያንኑ የሚጠራ አጭር የሲ ፈንክሽንም ጽፈው በአናላይዘሩ ያስመርምሩ።

ሁሉም ካለፈ ለውጡን ለብቻው ይላኩ፣ በርዕሱም ላይ ክላንግ በሚገኝበት የኤልኤልቪኤም ፕሮጀክት ልማድ መሠረት «ኤንኤፍሲ» ብለው ይጻፉ፤ የፕሮግራሙ ጠባይ አልተለወጠም ማለት ነው። የአንድ ፈተና ውጤት እንኳ ከተለወጠ ፍተሻው ሥራ ነበረውና ወደ ቦታው ይመልሱት።