የብሎኬት ጥንካሬን በታቀደ ሙከራ ማሻሻል

የማሻሻያ ቡድን ችግሩን ለይቶ፣ ለክቶና ተንትኖ ሲያበቃ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው «ታዲያ ምኑን እንቀይር?» ላይ ነው። አንዱን ቀይሮ ማየት፣ ካልሆነ ወደ ሌላው ማለፍ የተለመደ ነው። እንዲህ ሲደረግ ግን ሁለት ነገሮች ተጣምረው የሚያመጡት ለውጥ ይሰወራል።

በታቀደ ሙከራ ግን ነገሮቹ በሁሉም ጥምረታቸው ይሞከራሉ። ለብሎኬት ጥንካሬ ሦስት ነገሮችን በሁለት በሁለት ልክ ያዙ፦ ውሃ ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 20 ወይም 25 ሊትር (አሸዋው የያዘው እርጥበት ታስቦ)፣ ንዝረት 6 ወይም 12 ሰከንድ፣ የተሠራውን ብሎኬት ውሃ ማጠጣት 3 ወይም 7 ቀን። ሲጣመሩ 8 ይሆናሉ። ልኮቹ ከተቀራረቡ ልዩነቱ በዕለታዊ መዋዠቅ ይዋጣል፤ ከተራራቁ ብሎኬቱ ከሞልድ ሲወጣ ይፈርሳል። ስለዚህ ጽንፎቹን ቀድማችሁ ሞክሩ።

የ8ቱን ተራ በዕጣ አውጡ። ደረቁን ሁሉ ጠዋት፣ እርጥቡን ሁሉ ከሰዓት ከሠራችሁ የፀሐዩንና የውሃውን ውጤት መለየት አይቻልም። በሌላ ቀን አዲስ ዕጣ አውጥታችሁ 8ቱንም ድገሙ፤ ያለ ድግግሞሽ የትኛው ልዩነት እውነተኛ፣ የትኛው አጋጣሚ እንደሆነ መፍረድ ያስቸግራል።

ከእያንዳንዱ ቅልቅል 6 ብሎኬት ጥንካሬው እንዲለካ በ28ኛው ቀን ይጨፍለቅ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ የ6ቱ አማካይ አንድ ውጤት እንጂ 6 ድግግሞሽ አይደለም። ከአንድ ቅልቅል ስለወጡ ሲሚንቶው በስህተት ከጎደለ ለሁሉም ይጎድላል።

የአንድን ነገር ውጤት ለማግኘት ከከፍተኛው ልክ አማካይ የዝቅተኛውን ቀንሱ። ቁጥሩ እንዲህ ቢመጣ እንበል፦ በ20 ሊትር ንዝረቱ ከ6 ወደ 12 ሰከንድ ሲያድግ ጥንካሬው ከ3.0 ወደ 4.2 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ይወጣል፤ በ25 ሊትር ግን ከ4.0 ወደ 3.8 ይወርዳል። የንዝረት አማካይ ውጤት 0.5 ብቻ ነው፣ ይህን ብቻ ያየ «ንዝረት ጨምሩ» ይላል። እርጥብ ቅልቅል ላይ ምክሩ ጉዳት ነው።

የሲሚንቶን መጠን አራተኛ ነገር አድርጎ ከ16ቱ ጥምረት በ8 ቅልቅል ብቻ መጨረስ ይቻላል፤ ጉዳቱ ግን የጥንዶች ውጤት (ሁለት ነገሮች ተጣምረው የሚያመጡት) እርስ በርሱ መደባለቁ ነው። ጥንዱ በሚያሳስብበት ሥራ 16ቱን ብትሠሩ ይሻላል።

የተመረጠውን ልክ በሦስት አዳዲስ ቅልቅሎች አረጋግጡ። ውጤቱ ከተጠበቀው በጣም ከራቀ መጀመሪያ የአሸዋውን እርጥበት ለኩ፤ ዝናብ ያደረበት ክምር ሊትሩን ሁሉ ያዛባል።