ሠንጠረዥዎ ሲታተም የሚበላሸው ለምንድን ነው? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በስክሪን ላይ ያማረው ሠንጠረዥ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ቀኝ ጎኑ ተቆርጧል፣ ወይም መስመሮቹ ጠፍተዋል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ፕሪንተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ ቀለሙንም ይፈትሻል። የሰዎችን ሰነድ ሳስተካክል ደጋግሜ ያየሁት ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ሠንጠረዡ በተሠራበት መንገድ ላይ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ትእዛዞች የማይክሮሶፍት ዎርድ ናቸው።

የብዙ ሰዎችን ስም በአንድ ሴል (በአንድ የሠንጠረዥ ሳጥን) መደርደር

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ መልክን ብቻ ሳይሆን መረጃውንም ያበላሻልና። አንድ ጊዜ የፈተና ውጤት ዝርዝር እንዳስተካክል ተሰጠኝ። አዘጋጁ የተማሪዎቹን ስም በሙሉ በአንድ ሴል ውስጥ ኢንተር እየመታ ጽፎ፣ ውጤቶቹን ደግሞ በጎን ባለው ሴል በተመሳሳይ መንገድ ደርድሯቸዋል። በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ትይዩ ነበር። በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ግን ፎንቱ ተለወጠና አንድ ረጅም ስም ወደ ሁለተኛ መስመር ወረደ። ከዚያ በታች ያለ ተማሪ ሁሉ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ተማሪ ውጤት ያዘ፤ የመጨረሻው ያለ ውጤት ቀረ። ያ ባዶ ቦታ ባይታይ ኖሮ ወረቀቱ እንዲሁ ይለጠፍ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ረድፍ ይስጡ። ረድፍ ለመጨመር የመጨረሻው ሴል ላይ ሆነው ታብ የሚለውን ቁልፍ መጫን ይበቃል።

ኢንተር እየመቱ ሠንጠረዡን ወደ ቀጣዩ ገጽ መግፋትም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ከላይ አንድ ዐረፍተ ነገር በተጨመረ ቁጥር ሁሉም ነገር ይንሸራተታል። አጭር ሠንጠረዥ ለሁለት እንዳይከፈል ከፈለጉ፣ ከመጨረሻው ረድፍ በስተቀር ሁሉንም መርጠው ከፓራግራፍ ቅንብር ውስጥ «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት።

ርእሱን በየገጹ መልሶ መጻፍ

በሁለተኛው ገጽ አናት ላይ የዓምዶቹን ርእስ በእጅዎ ከጻፉ፣ አንድ ረድፍ ሲጨመር ያ ርእስ ገጹ መሐል ላይ ይገኛል። የመጀመሪያውን ረድፍ ይምረጡና ከሠንጠረዡ «ሌይአውት» ሜኑ «ሪፒት ሄደር ሮውስ» የሚለውን ይጫኑ። ካልሠራ ሁለት ነገር ይፈትሹ፦ በ«ቴብል ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ቴክስት ራፒንግ» ወደ «ኖን» መመለስ አለበት፤ በሠንጠረዡ መካከል በእጅ የገባ የገጽ መቁረጫ ካለም መነሣት አለበት። በዚያው መስኮት፣ «ሮው» በሚለው ገጽ ላይ፣ አንድ ረድፍ በሁለት ገጽ እንዲከፈል የሚፈቅደውን ምልክት ማንሣት ይቻላል። ረድፎቹ ረጃጅም ጽሑፍ የያዙ ከሆነ ግን እንዳያነሡት እመክራለሁ፤ ገጹ ግርጌ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል።

የረድፍን ቁመት መቆለፍ

የፊደላቱ ግማሽ ተቆርጦ ከታተመ ብዙ ጊዜ የረድፉ ቁመት «ኤግዛክትሊ» (ልክ ይህን ያህል) ላይ ነው። ወደ «አት ሊስት» (ቢያንስ ይህን ያህል) ይለውጡት።

ከወረቀቱ የሚሰፋ ሠንጠረዥ

ከኤክሴል የተቀዳ ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ ከገጹ አልፎ ይሄዳል። ብዙዎች ማርጅኑን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ይስቡታል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ፕሪንተሮች እስከ ጠርዝ ድረስ ስለማያትሙ የዳሩ ዓምድ ተቆርጦ ይቀራል። መጀመሪያ ሠንጠረዡን ከገጹ ስፋት ጋር የሚያስማማውን «አውቶፊት ዊንዶው» ይሞክሩ። ዓምዶቹ በዝተው ጽሑፉ ከተጨናነቀ ፊደሉን ዓይን እስኪያደክም ድረስ አያሳንሱ፤ ከሠንጠረዡ በፊትና በኋላ «ሴክሽን ብሬክ» (ሰነዱን በክፍል የሚለይ መቁረጫ) አስገብተው ያንን ገጽ ብቻ ወደ አግድም ያዙሩት።

የወረቀት መጠንም ይታይ። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሌተር የሚባለው 215.9 በ279.4 ነው። ሰነዱ በአንዱ፣ ፕሪንተሩ በሌላው ከተቀናበሩ የታችኛው ረድፍ ወይም የጎኑ ዓምድ ሊቆረጥ ይችላል። መጠኑን በሰነዱም በፕሪንተሩም ቅንብር ያመሳስሉ።

የማይታተመውን መስመር ማመን

በስክሪን ላይ የሚታየው ነጠብጣብ መስመር «ግሪድላይን» ነው፤ ለሥራ መመሪያ እንጂ ለኅትመት አይደለም። በወረቀት ላይ የሚወጣው «ቦርደር» (ለሠንጠረዡ የሚሰጡት የጠርዝ መስመር) ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ የሚወጣው ባዶ ገጽ

ሰነድዎ በሠንጠረዥ የሚያልቅ ከሆነ ዎርድ ከሥሩ አንድ ባዶ አንቀጽ የግድ ያኖራል፤ ሊሰርዙት ቢሞክሩም አይጠፋም። የፊደሉን መጠን 1፣ የመስመር ርቀቱን «ኤግዛክትሊ» 1 ነጥብ (pt)፣ ከበላይና ከበታች ያለውን ክፍተት ደግሞ 0 ያድርጉት፤ ባዶው ገጽ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

የዎርዱን ፋይል ይዞ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መሄድ

እዚያ የእርስዎ ፎንት ከሌለ ሌላ ይተካበታል፤ የውጤት ዝርዝሩን ያበላሸውም ይኸው ነበር። ሌላ ቦታ የሚታተመውን ሰነድ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡ። ከዚያም ፒዲኤፉን ከፍተው እያንዳንዱን ገጽ፣ በተለይ ሠንጠረዡ ከገጽ ወደ ገጽ የሚሻገርበትን ቦታ፣ ከመላክዎ በፊት በዓይንዎ ይዩት።