መንፈሳዊ ልብስ የለበሱ የጊዜ ብክነቶች

ጊዜ ማባከን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፊልም ሲያይ የሚያነጋ ወይ ካፌ ተቀምጦ ሰው የሚያማ ነው። እሱስ ጥፋቱን ራሱም ያውቀዋል። ለክርስቲያን የሚከፋው የማናፍርበት ብክነት ነው። ጳውሎስም «ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና ዘመኑን ዋጁ» ብሎ የጻፈው በኤፌሶን ላሉ አማኞች ነበር።

«ሰፊ ጊዜ ሳገኝ እጸልያለሁ»

ሰፊ ጊዜ አይመጣም። ቤተ ክርስቲያን ከደነገገቻቸው ሰባት የጸሎት ጊዜያት ሠለስት፣ ቀትርና ተሰዓት የሚውሉት ቀን በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለማድረስ ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጠዋቱንማ ስልክ በልቶታል። የሰኞን ዳዊት ሊደግም ስልኩን ያነሣል። ገና «ምስጉን ነው» ከማለቱ ከላይ የቴሌግራም መልእክት ብቅ ይላል። እሷን ብቻ ልይ ይላል። ከዚያ ቲክቶክ፣ ከዚያ ሥራ ረፈደ። የወረቀት ዳዊት ይግዛ፤ ኖቲፊኬሽን የለውም።

በዓልን ለስንፍና ማዋል

«ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው» ተብሎ ሥራ ይቀራል። ቅዳሴ አልተሄደ፣ የታመመ አልተጠየቀ፣ እስከ 5 ሰዓት ተተኝቷል። ሰንበትን አክብር የሚለው ትእዛዝ እኮ እዚያው «ስድስት ቀን ሥራ» ይላል። ጳውሎስ ራሱ ቆሮንቶስ ሳለ ከአቂላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር።

የሰው ሰዓት መስረቅ

ማኅበሩ 8 ሰዓት ተብሎ 9 ሰዓት ይጀመራል። ሃያ ሰው አንድ አንድ ሰዓት ከጠበቀ ሃያ ሰዓት ሄደ፤ ከሁለት የሥራ ቀን በላይ ነው። እኛ «የሐበሻ ቀጠሮ» ብለን እንስቃለን። ያረፈደው ሰው ትራፊኩን ይወቅሳል፤ ትራፊኩ ግን ትናንትም ነበር። የእያንዳንዱን ሰው ሃያ ብር ወስዶ ቢሆን ኖሮ ንስሐ አባቱ ጋ ይሮጥ ነበር። «እግዚአብሔር ካለ እመጣለሁ» የምትለዋም አለች። ያዕቆብ በመልእክቱ ያስተማረው ቃል ነው፤ እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ «አልመጣም» ማለት ሆኗል።

ሁሉን እኔ ካልሠራሁት ማለት

ይሄ አገልጋዮች ላይ ይበረታል። ማክሰኞ የመዝሙር ጥናት፣ ረቡዕ ጉባኤ፣ ቅዳሜ የጉዞ ኮሚቴ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ። ማታ ሲገባ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ጠዋት ሲወጣም ተኝተዋል። ሚስት ቅር ሲላት «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ትባላለች፤ ምን ብላ ትመልስ?

ዘፀአት 18ን ያንብብ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየው። አላደነቀውም። የምታደርገው መልካም አይደለም፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ አለው። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች ሹም፣ ከባዱን ነገር ብቻ ወደ አንተ ያምጡ ሲል መከረው። ሙሴም «የተጠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ አልተከራከረም፤ ሰማው። ጌታም ደቀ መዛሙርቱ እንጀራ መብያ ጊዜ እስኪያጡ ሰው ሲበዛባቸው ጥቂት ዕረፉ ብሏቸዋል። በእኔ አስተያየት ሁሉንም ጠቅልሎ የያዘ አገልጋይ ሌላም ዕዳ አለበት፤ ሥራውን ሊለምዱ የሚችሉ ወጣቶች ዳር ቆመው እያዩት ነው።

ንስሐን ለእርጅና ማቆየት

በሉቃስ 12 ያለው ባለጠጋ ለብዙ ዓመት አቅዶ ነበር። ነፍሱ የተፈለገችው በዚያው ሌሊት ነው።

ቀኑን ጥቅጥቅ አድርጎ መሙላት

ይህ ደግሞ ጊዜ አክባሪውን ሰው የሚጥለው ነው። ጌታ ልትሞት ወደተቃረበችው የኢያኢሮስ ልጅ እየሄደ ነበር። ከዚያ የሚያስቸኩል ጉዳይ ምን አለ? አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴት ልብሱን ነካች። ቆመ፤ ማን ነካኝ አለ፤ ታሪኳን እስክትጨርስ ሰማት። ልጅቱ ሞተች የሚል ወሬ የደረሰው ገና ከሴቲቱ ጋር ሲነጋገር ነው። ከዚያ ሄዶ ልጅቱን አስነሣት።

እኛ ግን የቆመ ሰው ሲያነጋግረን ሰዓታችንን እናያለን። ከሥራ መውጫና ከማታ ጉባኤ መካከል ግማሽ ሰዓት ባዶ ይተዉ። ለቅሶ ቤት ብቅ ለማለት ወይ ጎረቤት ያሉትን እማማን «እንዴት ዋሉ» ለማለት ይበቃል። ማንም የማይፈልግዎት ቀን ቡና ይጠጡበት።